የኤሊዋ ፊልምና የሀያት የቤት ሥራ

ቅዳሜ

ልጄ ሀያት ከፊልሟ ጥቂቱን በስልክ ስትነግረኝ፣ ጡዘቱ አዞው ግንዱን የሚነክስበት ቦታ ነው አልኳት። «አይደለም እማ» አለችኝ። «ታዲያ የቱ ነው?» ስላት፣ «አንቺው እይውና ትነግሪኛለሽ» ብላ ስልኩን ለአክስቷ ሰጠች። የአስር ዓመት ልጅ! ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሴራ፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት» እያልኩ ስጽፍ የኖርኩትን የአማርኛ መምህርት የቤት ሥራ ሰጥታኝ ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሀያት አስተማሪ አንድ የካርቱን ፊልም መርጣችሁ ታሪኩ እንዴት እንደተዋቀረ ጽፋችሁ ከአረፋ በኋላ አምጡ ብሏቸዋል። ከምን ይነሳል፣ ምን ያጋጥማል፣ የት ላይ ይከርራል፣ እንዴት ይፈታል። እሷ የመረጠችው ኪኪ ስለምትባል የኤሊ ልጅ የሚያወራ የጀብዱ ፊልም ነው። ስንቴ እንዳየችው አላህ፣ እሷና የአክስቷ ቴሌቪዥን ብቻ ናቸው የሚያውቁት። «እማ፣ ይሄን የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የሚያስረዳ ሰው ሞልቶ ለእኔ ደወለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተጠረገውን ቤት እንደገና ጠረግኩት።

ከሄደች ዓመት ሊሆናት ነው። ያለፈው አረፋ ላይ የባለቤቴ የነስሩ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘምዘም፣ መጥተው ወሰዷት። መርካቶ ሱቅ አላቸው፤ ልጅ አልወለዱም። እዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት ታገኛለች ተባለ፤ እውነትም አገኘች። ነስሩ ራሱ ያደገው አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ነው። የቡታጅራ ግማሽ ሰው እንዲሁ ነው የተማረው። በጥር ዕረፍት ትመጣለች ተብሎ ነበር፤ ማጠናከሪያ ትምህርት አለ ተባለና ቀረች። አልጋዋን አንጥፌ ጠብቄ ነበር።

አሁን ደግሞ እትዬ ዘምዘም «እስክትጨርስ እኔው ጋ ትሁን» ብለዋል። ነስሩ «ልጅቷ ትጠየቅ» አለ። ስለዚህ በወንድ አረፋ፣ በዒዱ ዕለት፣ ከእርዱ በኋላ፣ አማቴ ፊት ሀያት ትጠየቃለች። የትኛው ቤት? አፏ ያለው ይሆናል። ሁሉም ተስማማ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራሴን ከመነቅነቅ ሌላ ምን ነበረኝ?

ፊልሙን የፈለግኩትም ለዚህ ነው። አንድ ልጅ አንድ ፊልም ደጋግሞ የሚያየው የልቡን ስለሚነግረው ነው። ይህ የእኔ ንድፈ ሐሳብ ነው። መምህር ነኝ፤ ለሁሉም ነገር ንድፈ ሐሳብ አለኝ። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ሙዴ ጋ ሄድኩ፤ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነው ልጅ። «ቲቸር፣ አንቺም ካርቱን ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። በአማርኛ ትርጉም ነው ያለኝ አለ። ጫን አልኩት።

እሑድ

ነስሩ ዕቃ ይዞ እንሴኖ ሄዷል። በሩን ዘግቼ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። እንደ ተማሪ።

መጀመሪያ ስለ ትርጉሙ። አንድ ሰውዬ ነው ሁሉንም የሚናገረው። ኪኪንም፣ እናቷንም፣ ጉረኛውን ዳክዬም፣ አዞውንም። ድምፁ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያቺ ጥፍር የምታህል ኤሊ አፏን ከፍታ በዚያ ጎርናና ድምፅ «እማዬ» ስትል ሳቄ መጣ። ሁለተኛ ስትል ግን አልሳቅኩም።

መቼት፦ አንድ ወንዝ፣ ወንዙ የሚገባበት ትልቅ ሐይቅ፣ ሐይቁ መሐል ደሴት።

መነሻ፦ ጎርፍ። እናትየዋ ኪኪን ግንድ ላይ አውጥታ በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ወንዙ ትሰዳታለች። ልታድናት ነው። ኪኪ ግን የምታየው የሚገፋትን አፍንጫ ነው። እዚህ ጋ አቁሜ ውሃ ጠጣሁ።

ከዚያ ግጭቱ ይደራረባል። ዳክዬው መንገድ አውቃለሁ ብሎ ያሳስታታል። አዞው ግንዱን ለሁለት ይሰብረዋል። ሸርጣኖች ያስሯታል፣ በብልሃት ታመልጣለች። አቀነባበሩ ጥሩ ነው፤ አንዱ መከራ ሌላውን ይወልዳል፣ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር የለም። ተማሪዎቼ ቢሆኑ በሦስተኛው ገጽ ላይ ሁሉንም ሰው በመኪና አደጋ ይጨርሱት ነበር።

ድክመት፦ የእናትየዋ ገጸ ባሕርይ አልዳበረም። አንዴ ገፍታ ጠፋች። ደራሲው ረስቷታል። ይህን ጽፌ ስጨርስ የሆነ ነገር ወጋኝ፤ አልሰረዝኩትም ግን።

ሌላ ድክመት፦ የኮፒው ጥራት ያሳፍራል። ወንዙ ዳር ሁልጊዜ አንዲት ቡናማ ነጥብ አለች። ቆሻሻ መስሎኝ ተነስቼ ቴሌቪዥኑን ሁልጊዜ በማስረው ቡናማ ሻሼ ጠረግኩት። አትለቅም። ሙዴን ሳልነግረው አልቀርም።

መጨረሻው። ኪኪ ደሴቱ ላይ ትደርሳለች። ሽማግሌ ኤሊዎች ይቀበሏታል። ፓፓያ በሽበሽ ነው። አንዲት ደግ አሮጊት ኤሊ የሣር መኝታ ታነጥፍላታለች። ኪኪ ወደ ዳር ወጥታ የመጣችበትን ውሃ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ዞር ብላ በደሴቱ የድንጋይ ግንብ በር ትገባለች። በሩ ይዘጋል። ስክሪኑ ይጠቁራል። በቃ።

ተቀምጬ ቀረሁ። ሀያት ናፈቀችኝ። ስታነብ ጣቷን የምትነክሰው ነገር፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ ማንንም የማታናግረው ነገር፣ ሻይ ውስጥ ዳቦ ነክራ ዳቦው ሲሰምጥ የምትቆጣው ነገር። ነስሩ ሲመጣ ዓይኔን አይቶ «ፊልሙ ያሳዝናል እንዴ?» አለኝ። «የልጆች ነው» አልኩት።

ሰኞ

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ፊልሙ ተናገርኩ። አፌ አያርፍ። እንዴት ደፋር አጨራረስ ነው፣ የልጆች ፊልም ሆኖ ክፍት ፍጻሜ፣ ተመልካቹን ከጥያቄ ጋር ትቶት ይሄዳል አልኩ። መምህር ተስፋዬ ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ ሒሳብ ሲያስተምር የሸበተ ሰው ነው፤ ሻዩን እያማሰለ አዳመጠኝ።

«ሙኒራ፣ የልጆች ፊልም በር ተዘግቶ አያልቅም» አለኝ።

ወልቂጤ ስማር ስለ ክፍት ፍጻሜ የጻፍኩትን ወረቀት ሳይቀር እየጠቀስኩ አስረዳሁት። ደወል እስኪደወል አስረዳሁት። «እሺ» አለ ኩባያውን እያስቀመጠ። «ግን አላለቀም።» የሒሳብ ሰው እንዲህ ነው፤ መልሱ ከታች ካልተሰመረበት አያምንም።

ወደ ቤት ስመለስ ሙዴ ጋ ጎራ ብዬ ስለ ቡናማዋ ነጥብ ነገርኩት። «ቲቸር፣ ኮፒዬ ንጹሕ ነው፤ ቲቪሽን ቀይሪ» አለኝ። ይሄ ልጅ አንድ ቀን በጥፊ ይመታል፤ በእኔ ባይሆንም።

ማክሰኞ

ዛሬ እኔ ደወልኩ። አየሁት አልኳት። ጮኸች፤ የምር ጮኸች። «መጨረሻውን ወደድሽው?» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ ከሁሉም መጨረሻውን ነው የምወደው።»

ሌላ አልጠየቅኩም። ምን ብዬ? ልጄ ደጋግማ የምታየው አንዲት ኤሊ ከእናቷ ርቃ፣ ፓፓያ ወዳለበት ገብታ፣ በሩ ሲዘጋ ነው። እትዬ ዘምዘም ቤት ደግሞ ፓፓያ አይጠፋም። ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ መጣልኝ።

ለነስሩ ነገርኩት። የኤሊውን ነገር ግማሹን አልተከተለውም፤ የተከተለው የእኔን ፊት ነው። «ልጅ ፊልም ስላየ ቤቱን አይረሳም» አለ። ከዚያ የቆለፈውን በር ተነስቶ እንደገና ቆለፈው። እሱም እንደፈራ በዚያ አወቅኩ።

በጥር እንሂድና እንያት ብዬው ነበር። «ምን ልንል?» አለኝ ያኔ። ልክ ነው። እኛ ዘንድ ለዘመድ የሰጡትን ልጅ ተከትሎ መሄድ ነውር ነው። እናት ድንገት ከተፍ ካለች «አላመነቻትም» ይባላል፤ የበላችውን ልታይ፣ የተኛችበትን ልትዳስስ መጣች ይባላል። አሳዳጊዋም ይከፋታል። እኔም ልኩን ጠብቄ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሰው «ሙኒራ ጨዋ ናት» ይላል። ጨዋነት ግን አቅፈውት አይተኙም።

ረቡዕ

መጡ።

ከሚኒባሱ ስትወርድ አላወቅኳትም ብል ውሸት ይሆናል። በአካሄዷ ነው የለየኋት፤ ቀኝ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ። ረዝማለች። መነጽር አድርጋለች፤ ማንም አልነገረኝም። ሮጬ ልይዛት ስል ጉንጯን አቀረበችልኝ፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። እንደ እንግዳ ተሳስመን ተላቀቅን። «እንዴት ነሽ እማ፣ ሰላም ነው?» አለች። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ሆኗል፤ ፈጣን፣ መጨረሻው የሚጎተት።

እትዬ ዘምዘም «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው አቀፉኝ፤ ሽቶአቸው ሀያት ላይም አለ። ቤት ገብተን ትንሽ ቆይታ ሀያት ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «እማ፣ ሽንት ቤት መጠቀም እችላለሁ?»

በገዛ ቤቷ ፈቃድ ጠየቀችኝ። «ትችያለሽ» አልኳት። ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም።

ሐሙስ

የሴት አረፋ። ዛሬ የእኛ ቀን ነው፤ ወንዶቹ ነገ ያርዱ፣ ይቁረጡ፣ ይኩራሩ። እኛ ጠዋት ጀምረን አተካና ስንሠራ ዋልን። ቡላው በቅቤ ሲማሰል ክንዴ ዛለ፤ እትዬ ዘምዘም አይቡን እየጨመሩ «አታቋርጪ፣ ይጓጉላል» እያሉ ያዙኛል። ከመርካቶ የመጣች ነጋዴ በኔ ቡላ ታዘኛለች!

ፀሐይ ጠልቃ ስንቀርብ ሀያት ቀድማ እጇን ሰደደች። በላች። ጎድጓዳውን ጣባ ጠርጋ ደገመች። እትዬ ዘምዘም ተደንቀው «እኔ ቤት እኮ ቅቤ አትነካም!» አሉ። ወደ ማንም ሳላይ ጣባዋን ሞላሁላት። ትንሽ ድል፣ ግን ድል ናት።

በኋላ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስናጥብ እትዬ ዘምዘም ድንገት ቆሙ። «ሙኒራ፣ ቤቴ ድምፅ አገኘ» አሉኝ። «በፊት ከሱቅ ስገባ ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነበር።» ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። እኔም ድስቱን ተቀብያቸው አጠብኩት። ክፉ ሴት ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ።

ሀያትን ፊልሙን አብረን እንይ አልኳት። «ነገ» ብላ ከአጎቷ ልጆች ጋር ወደ ውጭ ሮጠች። የቤት ሥራው ያንቺ ነው ልላት ብዬ ተውኩት። መሮጧ ደስ ብሎኛል።

አርብ

ሶላት ተሰገደ። ታረደ። ሥጋው ተከፋፈለ፤ የጎረቤት ድርሻ ተላከ። ቤቱ ሞላ፤ ከአዲስ አበባ የገባው ሁሉ «ዒድ ሙባረክ» እያለ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። እኔ የምበላው አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሀያትን አጠገባቸው አስቀመጧት። እትዬ ዘምዘም ከወዲያ፣ እኔና ነስሩ ከወዲህ። ነስሩ የጣቱን ጥፍር ያያል።

«ልጄ» አሏት አማቴ፣ «ማንም አይቆጣሽም። ሁለቱም ቤትሽ ነው። ለከርሞ የት ሆነሽ መማር ትፈልጊያለሽ?»

ሀያት መነጽሯን አስተካከለች። እኔን አየችኝ። ፈገግ ልል ሞከርኩ፤ ፊቴ ምን እንደሠራ አላውቅም።

«አዲስ አበባ» አለች።

አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዕድሜ፣ ጤና፣ እውቀት፣ ያሳደጋትንም የወለዳትንም አላህ ይካስ። ሁላችንም «አሚን» አልን። የእኔ ድምፅም ተሰምቷል፤ ነስሩ በኋላ «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ! ከዚያ ጓሮ ሄጄ እንሰቱ መሐል ገባሁ። ቅጠሉ ሰው ይሸፍናል። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ ሥጋ አቀረብኩ።

ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ሰው ሁሉ ሸሸ፤ ነስሩና እትዬ ዘምዘም ዘመድ ሊጠይቁ ወጡ። ሀያት እንደ ድሮዋ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኛች። «በይ ቲቸር፣ እንይ» አለችኝ። መቀለዷ ነው። ፍላሹን ሰካሁ።

ጎርፉ መጣ። አፍንጫው ገፋ። ግንዱ ሄደ። «ይኸውልሽ» አልኳት አስተማሪ ሆኜ፣ «እዚህ ጋ እናትየዋ ከታሪኩ ትወጣለች። ይሄ የደራሲው ድክመት ነው።»

ሀያት ዞር ብላ አየችኝ። «አትወጣም እኮ።»

«የታለች ታዲያ?»

ተነስታ ሄዳ ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገች። ወንዙ ዳር። ቡናማዋ ነጥብ ላይ።

«ይቺ ናታ! እናቷ ናት። እየመጣች ነው።»

በጉልበቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። እሷ ጣቷን ሳታነሳ ቆመች። ዳክዬው ሲጎርር ከኋላ ነጥቧ አለች። አዞው ግንዱን ሲሰብር፣ ያ ጡዘት ያልኩት ቦታ ላይ ሁላችንም አዞውን እናያለን፣ ከማዶ ነጥቧ ድንጋይ ላይ እየወጣች ነው። ሸርጣኖቹ ጋ ትንሽ ተልቃለች። «ኤሊ ስለሆነች ነው የምትዘገየው» አለችኝ ሀያት፣ እኔ እንዳልቀየማት። ስንት ዓመት ስለ ንግር አስተምሬያለሁ! ደራሲ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ እንዴት በትንሹ እንደሚጠቁም፣ ጎበዝ አንባቢ እንዴት እንደሚይዘው። እኔ በሻሽ ልጠርገው ነበር።

ኪኪ በሩ ውስጥ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ሀያት ጠበቀች። «ክፍል ሁለትስ?»

«የምን ክፍል ሁለት?»

መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ መነጽሯ ወልቆ ምንጣፉ ላይ እስኪወድቅ ሳቀች። «እማ! ግማሹን ነው ያየሽው!» ክፍት ፍጻሜዬ! ወልቂጤ የጻፍኩት ወረቀት! መምህር ተስፋዬ ሲሰማ ሻዩ ያንቀዋል። ጃንጥላ ይዘን ሁለታችንም በዝናብ ወደ መናኸሪያው ሮጥን። ሙዴ አላፈረም። «ቲቸር፣ ሰው አንደኛውን ሲጨርስ ነው ለሁለተኛው የሚመጣው። ስለ ነጥብ ብቻ ተቆጥተሽ ስትሄጂ አልወደደችውም ብዬ ነው» አለኝ።

ክፍል ሁለት። ኪኪ ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ እየሄደች በቀዳዳው ታያለች። ማንም የለም። መሄዷን ትቀንሳለች። ያኔ በሌላ በኩል እናትየዋ ሐይቁን ተሻግራ ደርሳ በሩ ሥር ተቀምጣለች፤ አታንኳኳም። ልጇ ውስጥ ስትስቅ ትሰማለች፣ ደስ ብሏታል፣ ልረብሻት አይገባም ትላለች። በአንድ ግድግዳ ሁለት ወገን እንዲህ ተቀምጠው ዝናብ ይመጣል። በዚያ የሾፌር ድምፅ እናትየዋ «ብቻ ደህና ትሁንልኝ» ስትል ወደ ሀያት ተጠጋሁ። በመጨረሻ በሩን የምትከፍተው ኪኪ ናት።

«ይሄ ነው ጡዘቱ» አለች ሀያት ቀስ ብላ። «መክፈቷ።»

ልክ ናት።

ፊልሙ ሁለቱ ዳር ላይ ፓፓያ ሲበሉ ያልቃል። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አይነግርም። በሩ ግን ከኋላቸው ክፍት ነው።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ ነበር። ሀያት ምንጣፉን በጣቷ እየቆነጠረች «እኔም አይ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ስንለቀቅ፣ የትምህርት ቤታችን በር ላይ። ወላጆች የሚቆሙበት። አንዳንዴ ቡናማ ሻሽ ያደረገች ሴት ትኖራለች። ስቀርብ አንቺ አይደለሽም።»

ዓመቱን ሙሉ። ጨዋ ሆኜ ቤቴ በተቀመጥኩበት ዓመት ሙሉ። ልነግራት ሞከርኩ፤ ሰው ምን ይላል፣ አላመነቻትም ይላል፣ አልኳት። «ማን ነው የሚለው?» አለችኝ። የአንድ ሰው ስም ልጠራላት ፈለግኩ፤ አጣሁ።

ከዚያ ያልጠየቅኳትን መለሰችልኝ። «አዲስ አበባ ያልኩት አንቺን ስለማልወድሽ አይደለም። አክስቴ ብቻዋን ናት። አንቺ አባ አለሽ። ደሞ አንቺ መምጣት ትችያለሽ፤ እሷ ሱቅ አላት፣ ወደዚህ መመላለስ አትችልም።» ሁሉንም አስባበታለች። እኛ ትልልቆቹ ፊቷ ተደርድረን ስንጠይቃት፣ እሷ ለእያንዳንዳችን ሰው አድላ ጨርሳ ነበር።

አቀፍኳት። ዛሬ ጉንጭ አላቀረበችም፤ ሙሉ በሙሉ መጣች። ጭንቅላቷ አገጬ ድረስ ደርሷል።

ከዚያ የቤት ሥራውን ሠራን። «ዋና ገጸ ባሕርይ እናትየዋ ናት ብዬ መጻፍ እችላለሁ?» አለች። ከጽሑፉ ማስረጃ ካቀረብሽ ይቻላል አልኳት። ማስረጃው ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ትዕይንት ላይ አለ።

እሑድ

ሄዱ።

መናኸሪያው ላይ ሀያት ቦታ ልትይዝ ስትገባ እትዬ ዘምዘምን ወደ ጎን ሳብ አደረግኳቸው። ከትናንት ጀምሮ ስለማመደው የነበረውን ንግግር ረሳሁት። «እትዬ፣ ካልከበድኩዎት እየመጣሁ ልጠይቃችሁ እፈልጋለሁ። እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም» ብቻ አልኩ።

የያዙትን ፌስታል መሬት አስቀመጡ። የፈራሁት መጣ ስል፣ «አንቺ ልጅ!» አሉኝ። «እኔ'ኮ ዓመቱን ሙሉ የቀረሽው ልጄን ወሰደችብኝ ብለሽ ተቀይመሽኝ ነው ብዬ! ስንቴ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ፈራሁ መሰለሽ? አንቺ ስትመጪ የምትተኚበትን ክፍል እኮ ቀለም አስቀብቼዋለሁ።»

እሳቸው እኔን እየፈሩ፣ እኔ እሳቸውን እያከበርኩ። ተያይዘን ሳቅን፤ ረዳቱ «እናቶች፣ መኪናው ሊወጣ ነው» እስኪለን። ለሀያት እንዳይነግሯት ለመንኳቸው። ራሴ ልምጣ።

አርብ

የአዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ቡኢ ቆመናል። ጎማ ፈንድቶ ሾፌሩ ከሥር ገብቷል፤ ሰው ወርዶ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። እኔም አንድ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ሰጥተውኝ ይህን ጭኔ ላይ እጽፋለሁ።

የዛሬ ክፍለ ጊዜዎቼን መምህር ተስፋዬ ያዘልኝ። «ክፍል ሁለት አለው አላልኩሽም?» ሲለኝ ነው የከረመው፤ ገና ዓመቱን ሙሉ ይኖርባታል። ነስሩ ጠዋት እስከ መናኸሪያው ሸኝቶኝ የአተካናውን ሣህን በፌስታል ደራርቦ አሰረልኝ። «ሰላም በይልኝ» አለ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ቀጣዩን እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ሀያት እንደምመጣ አታውቅም። የሚለቀቁበት ሰዓት እየቀረበ ነው። በሩ ላይ ልድረስ አልድረስ አላውቅም። ብደርስስ? ማየት ትታ ይሆናል፤ ከጓደኞቿ ጋር እያወራች በሌላ በኩል ታልፍ ይሆናል። ያን ቡናማ ሻሽ ነው ያሰርኩት። አሮጌ ነው፣ ዳሩ ተተልትሏል፤ ነስሩ አዲሱን አድርጊ ብሎኝ እምቢ አልኩ።

ሾፌሩ ከሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ ነው። ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ ነው።

ቀስ እያልኩ ነው ሀያትዬ። ግን እየመጣሁ ነው።